የሮቶ ብልሃት ለኢንተርኔት አይሠራም

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ እስከ ኮተቤ በሚዘልቀው የየካ ክፍለ ከተማ፣ በጣሪያው ወይም በግቢው ሮቶ የተከለ ቤተሰብ ብዙ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ በመጣበት ዕለት ያጠራቀመ፣ በጠፋበት ዕለት አይቸገርም። ሮቶው በገዘፈ መጠንም ሥጋት ይቀንሳል። ከዚህ ኑሮ የወጣ ተማሪ በኮምፒዩተር ውስጥ ስላለው ማቆያ፣ በተለምዶ ባፈር ስለሚባለው፣ ሲማር «ትልቁ ከትንሹ ይሻላል» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሮቶ የማያውቁት የሌላው ዓለም መሐንዲሶችም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ሲያስቡ ኖረዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ድምዳሜው ለኢንተርኔት የተሳሳተ መሆኑ፣ ስሕተቱም ከሁሉ ይልቅ ቀጭን መስመር ያለውን ተጠቃሚ የሚጎዳ መሆኑ ነው።

ነገሩ የሚከናወነው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ በከርነሉ ውስጥ ነው። የምንልከው ደብዳቤም ሆነ ድምፅ በፓኬቶች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ፓኬት ወደ መስመሩ እስኪወጣ ድረስ በማስታወሻ ውስጥ ወረፋ ይይዛል። የወረፋው አስፈላጊነት አያጠያይቅም። በክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ቀበና ወንዝ በአንድ ጊዜ እንደሚገባ ሁሉ፣ ፓኬቶችም ብዙ ጊዜ በጅምላ ይደርሳሉ፤ ማቆያው ያንን ግፊት ለቅጽበት ይቀበላል፣ ከዚያም ይጎድላል። ችግር የሚፈጠረው ወረፋው ሳይጎድል ውሎ ሲያድር ነው። በሮቶ ውስጥ የከረመ ውኃ ያው ውኃ ነው። በስልክ ጥሪ ውስጥ ሦስት ሰከንድ የዘገየ ድምፅ ግን ተናጋሪው ሌላ ነገር መናገር ከጀመረ በኋላ ይደርሳልና ባይደርስ ይሻል ነበር።

እስቲ እናስላው። ሊኑክስ ለብዙ ዓመታት ለአንድ የኔትወርክ ካርድ የሚመድበው የተለመደ ወረፋ 1000 ፓኬት ነበር። አንድ ሙሉ ፓኬት 1500 ባይት ቢሆን፣ የሞላ ወረፋ 1.5 ሚሊዮን ባይት ወይም 12 ሚሊዮን ቢት ይይዛል። በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ይህ ወረፋ በ12 ሚሊሰከንድ ያልቃል፤ ማንም አያስተውለውም። በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ግን 12 ሰከንድ ይፈጃል! ቁጥሩ ያው አንድ ነው። ማንም በክፋት አልመረጠውም፤ በፈጣን መስመር ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ሆኖ ለቀጭኑም ስለታደለ ነው።

ጉዳቱ በመዘግየት ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው ግንኙነት፣ ርቀቱ ከ400 ሜትር ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት አሽቆልቁሎ ነበር። ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ያቀረቡት መፍትሔ፣ ላኪው ኮምፒዩተር ፓኬት ሲጠፋበት «መንገዱ ተጨናንቋል» ብሎ ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያደርግ ነው። እንግዲህ የፓኬት መጥፋት ምልክት ሆነ ማለት ነው። ከመጠን በላይ የገዘፈ ማቆያ ግን ምንም ሳይጥል እያከማቸ ምልክቱን ያፍናል፤ ላኪውም መንገዱ ክፍት መስሎት መጨመሩን ይቀጥላል።

ይህን ጉድለት ማደን ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 በቤል ላብስ ይሠሩ የነበሩት ጂም ጌቲስ፣ ከቤታቸው ትልቅ ፋይል ሲልኩ የመስመሩ መዘግየት ከአንድ ሰከንድ በላይ እንደሚደርስ ለክተው ደረሱበት፤ የማቆያ እብጠት ለማለትም «ባፈርብሎት» የሚል ስም ሰጡት። አስቸጋሪው ነገር ወረፋው አንድ አለመሆኑ ነው። ከከርነሉ ወረፋ በታች የካርዱ ድራይቨር የራሱ ማቆያ አለው፤ ከእርሱም በታች ሞደሙ ሌላ አለው። አንዱን አሳጥሮ ለውጥ ያላየ መርማሪ ጥርጣሬው ሐሰት እንደነበር አድርጎ ሊተወው ይችላል፤ ወረፋው ግን ከታች ተደብቆ ይጠብቀዋል።

እርምቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በሁለት ደረጃ ወደ ሊኑክስ ገባ። በመጀመሪያ ስሪት 3.3 ለድራይቨሩ ማቆያ በባይት የሚለካ ልክ አበጀለት። ቀጥሎም በስሪት 3.5 ኮድል የተባለው የካትሊን ኒኮልስና የጃኮብሰን ዘዴ ተካተተ። ኮድል ስንት ፓኬት ተሰልፏል ብሎ አይጠይቅም፤ እያንዳንዱ ምን ያህል ቆየ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ቆይታው ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ከ5 ሚሊሰከንድ ሳይወርድ ከቀጠለ መጣል ይጀምራል። ይህን ልኬት ሳስብ በመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ትዝ ይለኛል። እርሱም የሚጨንቀው በፊቱ ያለው ሰው ብዛት ሳይሆን ሥራ የሚገባበት ሰዓት ነው።

ትልቅ ማቆያ ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያስወነጨፈቻት ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት ምስሎቿን የምትልከው እንጦጦ ላይ ወደተተከለው ጣቢያ ነበር። ዝቅ ባለ ምሕዋር የምትዞር ሳተላይት በአንድ ጉዞ ከአድማስ በላይ የምትታየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ፣ የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ የእርሻ ምስል ደግሞ ለሰዓታት ቢቆይ አይበላሽም። እዚያ የሮቶው ብልሃት ትክክል ነው። ከተራራው በታች በቪዲዮ ትምህርት ለሚከታተል ተማሪ ግን አይሠራም።

ስለዚህ «ኔትወርኩ ዘገምተኛ ነው» የሚል ተቋም ተጨማሪ ባንድዊድዝ ለመግዛት ገንዘብ ከመመደቡ በፊት ወረፋውን ይለካ እላለሁ። ልኬቱ ማንኛውም ተማሪ የሚሠራው ነው። መስመሩ ጭር ባለበት ሰዓት የፒንግ ትእዛዝ ሰጥቶ የምላሹን ጊዜ መመዝገብ፣ ከዚያም ትልቅ ፋይል እየላኩ ያንኑ መድገም ነው። ምላሹ ከ80 ሚሊሰከንድ ወደ 3000 ቢዘል፣ ተጨማሪው ጊዜ በአመዛኙ ያለቀው አንድ ቦታ ወረፋ ላይ ነው። «መስመሩ ራሱ ቀጭን ከሆነ የወረፋ እርምት አያወፍረውም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነት ነው። ይሁንና በቀጭን መስመር አንዱ ፋይል ሲልክ ሌላው መነጋገር መቻሉ ትንሽ ነገር አይደለም።

የከርነሉ ምንጭ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ይህ ጉዳይ በኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍሎቻችን በሥዕል ብቻ መታለፉ የሚያስቆጭ ነው። ጉድለቱ በፈጣን መስመር ላይ ይሸሸጋል፤ በእኛ መስመር ላይ ግን ፊት ለፊት ይታያል። ወረፋው እጃችን በማይደርስበት ሞደም ውስጥ ቢሆን እንኳ መላ አለው። ከሞደሙ በፊት ሊኑክስ የጫነ አሮጌ ኮምፒዩተር አቁሞ የመላኪያ ፍጥነቱን ከመስመሩ አቅም ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ወረፋው ከሞደሙ ወጥቶ ኮድል ወዳለበት ወደ እኛ ከርነል ይዛወራል።