ለለቅሶ የምንዘረጋውን ወንበር ለመጽሐፍ አንከልክል



በዚህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታነቡት የወር መዋጮ ያልከፈሉ አባላትን ዝርዝር፣ የቀብር ሰዓትንና የጉባኤ ጥሪን ነው። አንዳንዴም «ከለቅሶ ቤት ያልተመለሱ ሁለት ትልልቅ ድስቶች ያሉበትን የሚያውቅ ያሳውቀን» የሚል ታነባላችሁ። የዛሬው ግን ሙግት ነው። ስለዚህ ቆም ብላችሁ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁላችንም የምናውቃቸው፣ ልጆቻችንን ፊደል ያስቆጠሩልን፣ ዛሬ በጡረታ ላይ ያሉት መምህርት መጽሐፍ አሳትመዋል። ስማቸውን የማልጠቅሰው ክርክሩ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ብዬ ነው። እሳቸውም አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በማኅበራችን አዳራሽ ከመጽሐፉ ጥቂት ገጾች ለማንበብ፣ ከነዋሪው ጋር ለመወያየትና ለሚፈልግ ሰው እዚያው ለመሸጥ በደብዳቤ ጠየቁ። ኮሚቴው ሁለት ላይ ተከፈለ። ስላልተስማማም ጉዳዩ ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ተላለፈ። እኔ ጸሐፊ ነኝና በስብሰባው ላይ ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር። እዚህ የምጽፈው ግን እንደ አንድ መዋጮ ከፋይ አባል ነው። «አይፈቀድ» ያሉት ወንድሞችና እኅቶች ያቀረቧቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ አነሣለሁ፤ መልሴንም እሰጣለሁ።

አንደኛው ምክንያት፦ «እድር የተቋቋመው ለሞት ነው፤ ለመጽሐፍ አይደለም» የሚል ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም «መረዳጃ» የሚለውን ቃል ትርጉም ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። መረዳዳት ከሞት በኋላ ብቻ የሚጀመር ከሆነ ለቋሚው ምን ተረፈው? በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሲያንኳኳ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ አስታመዋል፤ ወላጅ ላጡ ልጆች ደርሰዋል። ያን ጊዜ «ደንባችን ለሬሳ ብቻ ነው» ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ዛሬ በኩራት ባላወራንላቸው ነበር።

ደግሞስ እስቲ እውነቱን እንነጋገር። አንድ አባል ሲያርፍ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይዘረጋል። በቀብሩም ዕለት የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። መቼ እንደተወለደ፣ የት እንዳደገ፣ ስንት ልጆች እንዳፈራ፣ ለሰው ምን እንደዋለ ሰምተን «እንዲህ ያለ ሰው ነበር ለካ!» እንላለን። ያንን ታሪክ ማን ይጽፈዋል? እኚሁ ሴት ናቸው እኮ! ለቅሶ ቤት ገብተው፣ የሟቹን ልጆች አንድ በአንድ ጠይቀው፣ ሌሊቱን ተቀምጠው ይጽፉና ጠዋት በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው ያስረክባሉ። ለዚህም ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። ብዕራቸው ለሙታናችን ሲሠራ የማኅበሩ ሥራ ነው፤ ለቋሚዎቹ ሲሠራ ግን የማኅበሩ ሥራ አይደለም ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ነገ እሳቸው ሲያርፉ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ «ታላቋ ደራሲ፣ የሰፈራችን ኩራት» ብለን ማንበባችን አይቀርም። ይህን በቁማቸው ቢሰሙት ምን ይጎድልብናል?

ሁለተኛው ምክንያት፦ «ነገሩ ንግድ ነው» የሚል ነው።

አዎ፣ መጽሐፉ ይሸጣል። መሸጥ ነውር ከሆነ እኮ ድንኳናችንንና ወንበራችንን ለሠርግ የምናከራየውም ነውር ነው። ደብተሩ በእኔ እጅ ስለሆነ የኪራዩ ገቢ ማኅበሩን ምን ያህል እንደደገፈው አውቃለሁ። ያንን ማንም «ንግድ ነው» ብሎ ሲቃወም አልሰማሁም።

መጽሐፍ ማሳተም ምን እንደሚመስል ለማያውቁ አባላት ጥቂት ልንገር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ነበር። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ማተሚያ ቤቶች ተከተሉ። ዛሬ ማተሚያ ቤት ፍለጋ ባሕር መሻገር የለም። ወረቀቱ ግን በአብዛኛው አሁንም ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ምን ያህል እንደተወደደ ዘይት የሚገዛ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ደራሲ የማተሚያውን ሒሳብ የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። አከፋፋዩ ድርሻውን ይወስዳል፤ መደብሩ ድርሻውን ይወስዳል፤ አዟሪውም በፀሐይ ተቃጥሎ የሚያገኘው ትርፍ አለው፤ ይገባዋልም። ሁሉም ከወሰደ በኋላ የተረፈችው ለደራሲው ናት። እንግዲህ ደራሲው ራሱ አንብቦ፣ ራሱ ቢሸጥ ያቺ የተረፈችው ጥቂት ከፍ ትላለች፤ አንባቢውም ከመደብር ባነሰ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። በዚህ ማን ይጎዳል?

ሦስተኛው ምክንያት፦ «ማን ሊመጣ ነው? የዛሬ ሰው አያነብም» የሚል ነው።

ይህ ምክንያት ሳይሆን ሰበብ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ኋላ፣ በደርግ ዘመን፣ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው የሬዲዮ ዝግጅት ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሁሉ ጆሮውን ሬዲዮ ላይ ደቅኖ ሰማው። ከዚያ ወዲህ ጉዱ ካሳን የማያውቅ ማን አለ? መጽሐፉን ገልጠው የማያውቁ እናቶች እንኳን ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ እንደ ጎረቤታቸው ልጆች ያወራሉ። ስለዚህ ሕዝባችን መጽሐፍ አይወድም ማለት ሐሰት ነው። መጽሐፉ በድምፅ ከቀረበለት ይሰማል፤ ሰምቶም ከወደደው ይገዛል፤ ባይገዛም ልጁን «አንብብልኝ» ይላል።

በሰፈራችን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ አዛውንት አሉን። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አልደከመም። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ አካባቢ አብርሆት የተባለ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል፤ እሰየው ነው። ነገር ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸው እማማ ሁለት ታክሲ ተጋፍተው እዚያ ሊደርሱ አይችሉም። በራስ ሆቴል ለዓመታት በየወሩ ሲቀርብ የነበረውን «ግጥምን በጃዝ» ዝግጅትም የኛ ሰፈር እናቶች በወሬ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። የደራስያን ማኅበር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ቢሆንም በየሰፈሩ እየዞረ ወንበር ሊዘረጋልን አይችልም። ወንበር ያለው እኛ ዘንድ ነው።

አራተኛው ምክንያት፦ ጮክ ብሎ ያልተነገረ፣ ግን በየቡናው የሚንሾካሾክ ነው። «ገመናችንን ጽፈው እንደሆነስ? ፖለቲካ ቢነሣስ?» የሚል።

ከመጻፍ የሚመጣውን ፍርሃት አልንቅም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳትሞ በ1976 ዓ.ም. የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀርቷል። ይህን የሚያስታውስ ትውልድ ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን ከዚያ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? በር መዝጋትን ነው ወይስ መክፈትን? መጽሐፍ ተደብቆ ሲነበብ ወሬ ይበዛበታል። በአደባባይ ሲነበብ ግን «እዚህ ላይ የጻፉት እኔን ነው ወይ?» ብሎ ጸሐፊዋን ፊት ለፊት መጠየቅ ይቻላል። መልሱ ካላረካውም በዚያው ተነሥቶ መቃወም ይችላል። በቡና ላይ ከማማት ይህ አይሻልም?

አዳራሽ የሚለው ስም የቀድሞውን የቀበሌ ስብሰባ የሚያስታውሳቸውም አሉ። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ አዳራሹም ኪነቱም ነበር። ነገር ግን ወላጆቻችን ሲያወጉን «ቀረህ» እንዳይባሉ የሚሄዱበት ቀን ብዙ ነበር። አሁን የምንጠይቀው ሌላ ነው። ስም የሚጠራ የለም፤ የቀረ አይቀጣም፤ ያልጣመው ተነሥቶ ይወጣል። የፈለገ ሰው በፈቃዱ የሚመጣበት አዳራሽ ያስፈራናል ወይ?

ለተቃዋሚዎቹ ይህን ካልኩ፣ ለደጋፊዎቹም የምለው አለኝ። ደራሲዋን ከልብ እንወዳለን የምንለው ሰዎች ፍቅራችን ነፃ ቅጂ በመጠየቅ የሚገለጽ ሆኗል። «ለእኔማ አትሸጪልኝም፤ ጎረቤትሽ አይደለሁም?» እንላለን። ጎረቤት የዳቦ ቤት ባለቤት አለን፤ ዳቦ በነፃ ወስደን እናውቃለን? አንድ ቅጂ ገዝቶ ለሃያ ቤት ማዞር፣ ይባስ ብሎም ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መልቀቅ «ማስተዋወቅ» አይባልም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ሕጉ ባይኖርስ ሕሊና የለም ወይ? የሩቁን ደራሲ መጽሐፍ በሙሉ ዋጋ እየገዛን የጎረቤታችንን በነፃ የምንጠብቀው «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የሚባለው ሆኖብን ነው።

ለደራሲዋም በአክብሮት አንድ ነገር ላሳስብ። ብዙ የመጽሐፍ ምረቃ ስሙ የመጽሐፍ ይሁን እንጂ ሥራው የንግግር ነው። የክብር እንግዳው ይናገራል፣ አስተዋዋቂው ያሞግሳል፣ ሌላው ተነሥቶ የራሱን ታሪክ ይተርካል። ደራሲው ለማንበብ ሲነሣ ሕዝቡ ኮቱን ለብሶ ይጠብቀዋል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው እንዳይመጣ። ሕዝቡ የሚሰማው መጽሐፉን ይሁን።

በዚህም መሠረት ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ አዳራሹ ለቅሶ በሌለበት እሑድ ከሰዓት በኋላ ይፈቀድ። ለቅሶ ከመጣ ያለ ክርክር ንባቡ ወደ ሌላ ሳምንት ይተላለፍ፤ ሐዘን ይቅደም።

2ኛ/ ኪራይ አይጠየቅ። በምትኩ ደራሲዋ ሁለት ቅጂ ለማኅበሩ ይስጡ፤ በቢሮአችን ተቀምጠው መግዛት ያልቻለ አባል እየፈረመ ይዋስ።

3ኛ/ ንባቡ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ጥያቄና ውይይት ይከተል፤ ንግግር አይኑር።

4ኛ/ ዋጋው በግልጽ ይለጠፍ። መግዛት ግዴታ አይሁን፤ የማይገዛም ሰው አንገቱን ደፍቶ እንዳይወጣ።

5ኛ/ ይህ መብት ለአንድ ሰው ብቻ አይሁን። ነገ ግጥም የጻፈ ወጣት ቢመጣም በዚሁ ደንብ ይስተናገድ። እኔ የማልስማማበትን ቢጽፍም ይስተናገድ።

ከዚህ ጽሑፍ ተቃራኒ ሐሳብ ያለው አባል ጽፎ ያምጣልኝ። ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር ከዚሁ ጎን እለጥፈዋለሁ። መጻፍ የማይችል ቢኖር ይንገረኝ፤ እኔ እጽፍለታለሁ። ብቻ «ተዉት፣ ምን ያደርጋል» ብላችሁ ከጉባኤው እንዳትቀሩ። ባለፉት ጉባኤዎች ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ እየተበተንን ስንት ጉዳይ ሳይወሰን እንደቀረ የምታውቁት ነው።

በሰፈራችን ሰው ሲሞት በደቂቃ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ይህ ትልቅ ባሕል ነው፤ ይቆይልን። አንድ ቀን ደግሞ ማንም ሳይሞት እንሰብሰብ።

የማኅበሩ ጸሐፊ