ሽማግሌው ለማን ይንገሩ?

ባለፈው ክረምት ወደየቤታችን ለዕረፍት ሄደን ስንመለስ፣ ጥቂቶቻችን ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ጎንደር በሚሄደው አውቶቡስ አብረን ተሳፍረን ነበር። ዳባት ላይ ስድሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። መኪናው ከወገራ ሳይወጣም ሦስት ጊዜ አስቆሙት። በመጀመሪያው ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ በሁለተኛው ረዳቱ አጉረመረመ፤ በሦስተኛው ከኋላ የተቀመጡ ጎረምሶች «ትናንት ጠላው በዝቶ ነበር መሰል» እያሉ ሣቁ። እውነቱን ለመናገር እኛም ፈገግ ብለናል። ሽማግሌው ከመንገዱ ዳር ብዙ ቆይተው ተመለሱ፤ ፊታቸው ላይ ያየነው ግን የእፎይታ ሳይሆን የሕመም ነበር።

አጠገባቸው የተቀመጠው ጓደኛችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ሆነው ነው አባቴ?» አላቸው። «ብርድ ነው ልጄ፤ ኩላሊቴን ብርድ መቶኝ ነው» አሉ። ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ይነሣሉ፤ ሽንታቸው ጠብ ጠብ እያለ ይቆማል፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ ወገባቸው እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። የገብስ ውሃ ጠጥተዋል፣ ተልባ ጠጥተዋል፣ ጸበል ሰንብተዋል። «ለጤና ኬላዋ ሠራተኛ አልነገሯትም?» ቢላቸው ሽማግሌው ተቆጡ። «ምን ትላለህ አንተ! ባለቤቴ ክርስትና ያነሣቻት ልጅ እኮ ናት። ለእሷ ስለ ሱሪዬ ውስጥ ላወራ ነው?» ለባለቤታቸውም አልነገሩም። እኚያ ሣቅ ያበዙ ልጆች ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እናውቃለን፤ ስለ ሽንት የሚያማርር ወንድ «ጨብጥ ይዞታል» ይባላልና።

ይህን የምናነሣው ስለ አንድ ሰው ችግር ለማውራት አይደለም። መንግሥት ሕዝቡን ስለ ካንሰር ለማንቃት ይደክማል፤ ድካሙንም አናቃልለውም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ አውጥቷል። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ተጀምሯል፤ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶችም በጤና ጣቢያ እንዲመረመሩ ይመከራሉ። መልካም ሥራ ነው፤ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ከዚህም በላይ ይገባቸዋል። ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ግን ለሕዝቡ የሚደርሰው ምንድን ነው? በሬዲዮ አንድ ሐኪም ይቀርባል፤ በቴሌቪዥንና በስልክ ገጽ «ወንዶች ሆይ ተመርመሩ» የሚል ጽሑፍ ከሥዕል ጋር ይወጣል። በፈረንጆቹ ኖቬምበር ወር ጢም እያሳደጉ ስለዚህ በሽታ ማስታወስም በ2003 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ በሜልበርን ከተማ ተጀምሮ ዓለምን አዳርሷል። (በሰሜን ተራራ ግርጌ ግን ጢም የሌለው ሽማግሌ ከየት ተፈልጎ ይገኛል? እዚህ ምልክቱ መላጨት ሳይሆን አይቀርም።)

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ለማሳየት ጥቂት ቁጥር እንጥቀስ። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ወንዶች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ታውቋል፤ 397 ሺህ ያህሉም ሞተዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የሊቃውንት ጥናት፣ በ2020 እ.ኤ.አ. 1.4 ሚሊዮን የነበረው የዓመቱ አዲስ ሕመምተኛ በ2040 እ.ኤ.አ. ወደ 2.9 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገምታል። ጭማሪው ይበልጥ የሚከብደው እንደኛ ባሉ አገሮች ላይ ነው፤ ሰው ዕድሜው እየረዘመ ሲሄድ የሽማግሌ በሽታም አብሮ ይመጣልና። የጥቁር ዘር ወንዶች፣ እንዲሁም አባታቸው ወይም ወንድማቸው የታመመባቸው፣ ከሌላው ይበልጥ እንደሚጠቁ ይታወቃል። በአገራችን ግን በ2007 ዓ.ም. ገደማ የተደረገው ግምት እንደሚያሳየው ከካንሰር ሕመምተኞች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ዋናው ምክንያት የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር መብዛቱ መሆኑን አንክድም። ዳሩ ግን ለሐኪም ሳይናገር የሚሞት ወንድ በየትኛው መዝገብ ይገባል?

ለዚህ ጥያቄ ዳባት ራሷ ትመሰክራለች። የጎንደር ዩኒቨርስቲ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት ወረዳ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት እየተከታተለ የሚመዘግብበት የምርምር ጣቢያ አለው። ሰው ሲሞት መዝጋቢው ወደ ቤቱ ሄዶ፣ ሟቹ ምን ምን ምልክት ይታይበት እንደነበር ቤተሰቡን ይጠይቃል፤ የሞቱንም ምክንያት ከዚያ ይገምታሉ። በገጠር እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚደረግበት ቦታ ጥቂት ነው። እንግዲህ «ሽንቱን ይከለክለው ነበር ወይ?» ተብላ የምትጠየቀው ሚስት፣ ባሏ አንድ ቀን ሳይነግራት ከሞተ ምን ትመልሳለች? «ወገቡን ያመው ነበር» ትላለች። ያ ብቻ ይጻፋል።

የፕሮስቴት እጢ ከሽንት ፊኛ በታች፣ በሽንት ቧንቧ ዙሪያ ያለ ትንሽ እጢ ነው። ወንድ ሲያረጅ ማበጡ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውም እብጠት ካንሰር አይደለም። ችግሩ ግን ካንሰሩ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አለመናገሩ ነው። ምልክት ሲያሳይም እንደ ተራው እብጠት ሽንት ያዘገያል፣ ሌሊት ያስነሣል፤ አንዳንዴ ደም ይቀላቅላል። ወደ አጥንት ሲዘልቅ ወገብንና ዳሌን ያማል፤ ሲብስም እግርን ያሽመደምዳል። ስለዚህ «ብርድ ነው» እና «ኩላሊቴን ነው» የምንላቸው ሁለት ቃላት ብዙ አባቶችን ከሐኪም አርቀዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ሁሉም ሽማግሌ ደሙን እንዲመረመር ይጠይቃሉ። በዚህ አንስማማም። ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራ በየጤና ጣቢያው የማይገኝ ከመሆኑ በላይ፣ በተራው እብጠትና በቁስለትም ከፍ ይላል፤ ዕድሜ ልኩን ሳይጎዳው የሚኖር ካንሰር የያዘውንም ሰው ለማያስፈልገው ቢላዋ ሊዳርገው ይችላል። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ጉባኤ በ2012 እ.ኤ.አ. ምርመራውን ተቃውሞ ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ55 እስከ 69 ዓመት ያለው ወንድ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ራሱ ይወስን አለ። ሀብታሙ አገር ገና የሚከራከርበትን ነገር እኛ በጩኸት ልንጀምረው አይገባም። የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ሽንቱ ያስቸገረው ወንድ ሽንቱ ፈጽሞ ሳይዘጋና አጥንቱ ሳይነካ የሚናገርበት ጆሮ እንዲያገኝ ነው።

ጆሮው የት ነው? በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገበሬው ቀበሌ ሁለት ሁለት ሠራተኞች አስቀምጧል። ሁሉም ለማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ወጣቶች። ይህ የተደረገው በምክንያት ነበር። የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት ለመቀነስ ጓዳ ድረስ መግባት የምትችለው ሴት ናት፤ ገብታም ብዙ ሕይወት አድናለች። ነገር ግን ጓዳው የተከፈተላት ልጅ፣ አደባባይ ለሚውለው ሽማግሌ በር ልትሆነው አልቻለችም። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር እንዲወጡ ታስቦ ነበር፤ ወንድም ሴትም አብረው ነበሩበት። የዛሬው ዕቅድ አውጪ ይህን አሮጌ ሐሳብ መለስ ብሎ ቢያየው ምን ይጎዳዋል?

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ጎንደር ደርሰው ተመረመሩ። በሽታው ከእጢው አልፎ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። የሽንት ቱቦ ተደረገላቸው፤ ከረጢቱን በጋቢያቸው ሸፍነው ያዙ። ሐኪሙም በዚህ ደረጃ ላይ በአገራችን ሊደረግ የሚቻለው ርካሹና ፈጣኑ ሕክምና ሁለቱን ቆለጦች ማውጣት መሆኑን ነገራቸው። ይህ የሐኪሙ ፈጠራ አይደለም፤ ቻርልስ ሀጊንስ የሚባል በአሜሪካ የነበረ ሐኪም በ1941 እ.ኤ.አ. ይህ ካንሰር በወንዴ ሆርሞን እንደሚመገብ አሳይቶ፣ በዚሁ ሥራ በ1966 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ያንኑ ሥራ የሚሠራ መርፌ አለ፤ ግን ሳይቋረጥ ለዓመታት የሚገዛ ነው፤ ገበሬ አይችለውም።

ሽማግሌው ሰምተው ዝም አሉ፤ ከዚያም ተነሥተው ወደ ዳባት ተመለሱ። ስልብ ተብለው መሞት አልፈለጉም። ይህን ቃል በሰሜን ያደገ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል። በጦርነት ላይ የጠላት ውርደት የነበረውን ነገር በሆስፒታል አልጋ ላይ በፈቃድ መቀበል ነው። ከዚህ የባሰም ፍርሃት ነበራቸው፤ በኦሪት የተሰለበ ሰው ወደ ጉባኤ አይገባም ተብሏልና ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡ መስሏቸዋል። ይህን ፍርሃት የትኛው የሬዲዮ ማስታወቂያ ያውቀዋል? የትኛውስ ወረቀት መልስ ይሰጠዋል?

መልሱን የሰጡት የንስሐ አባታቸው ናቸው። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት የመጀመሪያ ቀኖናቸው በዚሁ ጉዳይ ላይ መሆኑን አስታወሷቸው፤ ጤነኛ ሆኖ ራሱን የሰለበ ካህን ከክህነቱ ይሻራል፤ በሕመም ምክንያት ሐኪም የቆረጠው ግን በክህነቱ ይኖራል። ለካህን ያልተከለከለ ለምእመን እንዴት ይከለከላል? ሽማግሌው ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎንደር ተመልሰው ቀዶ ሕክምናውን አደረጉ። ሕመማቸው ቀንሷል፤ ዛሬ ሌሊቱን ይተኛሉ። አልዳኑም፤ ይህንም ያውቃሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ተናግረው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር እንጽፍ ነበር።

እኛ ከዚህ የተማርነው፣ ወንዶች ምሥጢራቸውን የሚያወሩበት ቦታ ድሮም እንደነበረና መንግሥት ግን እንዳልጎበኘው ነው። የንስሐ አባት አለ። ከቅዳሴ በኋላ ወንዶች የሚቀመጡበት ሰንበቴ አለ። በደባርቅ የመስጊድ ሽማግሌዎች አሉ። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ካህናቱንና ሼኾቹን ለግማሽ ቀን ሰብስቦ የበሽታውን ምልክት ቢያስረዳቸው የሚያወጣው ለጠላና ለእንጀራ ብቻ ነው። በገበያ ቀን ደግሞ በዳባትና በደባርቅ አንድ ጠና ያለ ወንድ ነርስ በተለየ ክፍል ቢቀመጥ፣ ከበየዳና ከጃናሞራ በበቅሎ የወጣ ሽማግሌ ጨው ገዝቶ ሲመለስ ጎራ ይላል። በሩ ላይ ምንም ባይጻፍ ይሻላል።

«ተመርመሩ» ብሎ ሰውን ከቤቱ ማስወጣት ግን ግማሹ ሥራ ነው። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። የጨረር ሕክምና ለሃያ ዓመታት ያህል በመላ አገሪቱ አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በኋላ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች መጨመር ጀመረ። የመጓጓዣውንና የማደሪያውን ነገር ያላሰበ ቅስቀሳ ለሽማግሌው የሚጨምርለት ፍርሃት ብቻ ነው። በዚህ ላይ ባለሥልጣኖቹ መልስ እንዲሰጡን እንጠይቃለን፤ መልሱንም በዚሁ መጽሔት ለማውጣት ዝግጁ ነን።

ከመካከላችን የሕክምና ተማሪዎች የሆኑት በመምህራቸው የታረመ አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅተዋል። በማባዣ ታትሞ በማኅበሩ ቢሮ ይገኛል። ፊደሉን ትልልቅ ያደረግነው መነጽር ለሌላቸው አባቶች ታስቦ ነው። ለገና ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅም ሆነ ከሊማሊሞ በታች የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች እንድትወስዱ እንለምናለን። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ቅጂዎች የሽማግሌው የንስሐ አባት ወስደዋቸዋል።