የፓስፖርት ዘመኑ ብቻ ሳይሆን ገጹም ይቈጠር



የአንባቢያን አሳብ በሚወጣበት ዓምድ ላይ ለብዙ ሰው ይጠቅማል ብዬ ያሰብሁትን አንድ ነገር እንድገልጽ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አውሮፓን ለመጎብኘት ሲሄዱ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ አብረው ሄደው ነበር። በዚያ ዘመን ባሕር ተሻግሮ መሄድ የመኳንንትና የመልእክተኞች ነገር ነበር። ዛሬ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ከእኛ ከቁይ እንኳ የገበሬ ልጅ ለትምህርትም ለሥራም ለንግድም ሩቅ አገር ይሄዳል። ሰው በብዛት መሄድ ከጀመረ ዘንድ ስለ መንገዱ ስንቅ ማወቅ ይገባዋል። ከስንቁም ዋናው ፓስፖርት ነው።

እኔ የምጽፈው ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም፤ በገዛ ምክሬ ከደረሰብኝ ጸጸት የተነሣ ነው። የእኅቴ ልጅ አስቀድሞ ከመርካቶ ነጋዴዎች ጋር በአስተርጓሚነት ወደ ቻይና ጓንጁ ይመላለስ ነበር። ኋላም የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ በዚያው አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ገባ። አንድ ክረምት ለዕረፍት ወደ ቁይ መጥቶ ሳለ ፓስፖርቱን አውጥቶ አሳየኝና «አባባ፥ ይህን አሁኑኑ ለውጬው ልሂድ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም መነጽሬን አድርጌ የማብቂያውን ቀን አነበብሁ። ገና አንድ ዓመት ተመንፈቅ ይቀረዋል። «በደኅና ወረቀት ላይ 5,000 ብር የምታወጣው፥ ዓባይን ተሻግረህ አዲስ አበባ ድረስ የምትንከራተተው ስለ ምን ነው?» ብዬ ከለከልሁት። ቀኑን አየሁ እንጂ ቅጠሎቹን አልገለጥሁም።

ልጁ ተመልሶ ሄደና የመመረቂያ ጽሑፉ ስላልተፈጸመለት መምህሩ ጥቂት ወራት እንዲጨምር ፈቀደለት። የመኖሪያ ፈቃዱን ለማስረዘም ወረቀቱን ሁሉ አሟልቶ ሲቀርብ ጸሐፊዋ ፓስፖርቱን ከፊት ወደ ኋላ፥ ከኋላም ወደ ፊት ገልጣ አንድም ባዶ ገጽ አጣችበት። በዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃድ አንድ ሙሉ ገጽ ይዞ የሚለጠፍ ወረቀት ነውና የሚለጠፍበት ስፍራ ከሌለ ፈቃድ የለም። ዝናቡ ገና ሳለ ዘሩ እንዳለቀበት ገበሬ ሆነ ማለት ነው። ዘመን አለው፥ ገጽ የለውም።

ጸሐፊዋ አልተሳሳተችም፤ ሕጓን ጠበቀች። በቻይና እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት የመኖሪያ ፈቃድ የሚያስረዝም ሰው ከማብቂያው 30 ቀን አስቀድሞ ማመልከት አለበት። ሳይፈቀድለት የቈየ ሰው ጥፋቱ ከበድ ካለ በየቀኑ 500 ዩዋን፥ በጠቅላላውም እስከ 10,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ወይም ይታሰራል። ልጁ ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ስለ ነበር አዲስ ፓስፖርት ተሠርቶ እስኪደርስለት የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውም። ቅጣትም እስራትም ከሚያገኘው ብሎ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አገሩ ገባ። አዲስ ፓስፖርት አወጣ፥ አዲስ ቪዛ ጠየቀ፥ እንደገናም ሄደ። ይህ ሁሉ የግማሽ ዓመት ትምህርት አጠፋበት። ለአውሮፕላኑ ዋጋ እኅቴ ከቀንበር በሬዎቿ አንዱን ሸጠች። እኔ 5,000 ብር አድንላታለሁ ብዬ በሬ አስሸጥኋት።

ገጹ እንዴት እንደሚያልቅ ለማያውቅ ሰው ሒሳቡን ላስረዳ። አንድ ነጋዴ 32 ገጽ ያለው ፓስፖርት ይዞ በዓመት አራት ጊዜ ወደ ቻይና ቢሄድ፥ ቪዛውም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቢሆን፥ አራት ቪዛ አራት ገጽ ይፈጃል። በዚያ አገር የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ስምንት ነው፤ በቦሌም ሲወጣና ሲገባ ስምንት ነው። አራት አራቱ በአንድ ገጽ ላይ በሥርዓት ቢያርፉ ሌላ አራት ገጽ ይሆናል። በድምሩ በዓመት ስምንት ገጽ ማለት ነው። እንግዲህ በአራተኛው ዓመት መጽሐፉ ሞልቷል፤ ያውም ሁሉ በሥርዓት ከተመታ ነው። ነገር ግን በብዙ ኬላ ማኅተም የሚመታው ሰው እጁ እንዳመጣለት ከገለጠው ገጽ መካከል ላይ ስለሚያሳርፍ ያ ገጽ ለቪዛ መለጠፊያ መሆኑ ይቀራል።

አንዳንድ ሰው «ቅጠል ቢቀጠልበት ምን ይከፋል?» ይል ይሆናል። እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር። አሜሪካኖች ለዜጎቻቸው ተጨማሪ ገጾች ይሰፉላቸው ነበር፤ ነገር ግን ለደኅንነት ሲሉ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ይህን ትተውታል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብም በመኪና የማይነበብ ፓስፖርት ከኅዳር 14 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ እንዳያገለግል ተደርጓል። በእጅ ጽሕፈትና በማኅተም እየቀጠሉ መኖር ያለፈ ነገር ሆኗል። ስለዚህ መፍትሔው መቀጠል ሳይሆን አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ደግሞ «ማኅተም ሊቀር ነው፤ ሁሉ በኮምፒዩተር ሆኗል» የሚል አለ። እውነት ነው፥ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2014 ዓ.ም. የመኖሪያ ፈቃድን በፓስፖርት ላይ መለጠፍ ትተው በመታወቂያ ተክተዋል። አውሮፓውያንም ማኅተሙን በኮምፒዩተር መዝገብ መተካት የጀመሩት በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን እነዚሁ የሼንገን አገሮች ቪዛ ለሚጠይቅ ሰው ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፥ ቢያንስም 2 ባዶ ገጽ ያለው ይሁን ይላሉ። ያለ ቪዛ ብዙ አገር የሚገባ ሕዝብ ስለ ገጽ ላይጨነቅ ይችላል። እኛ ግን በምንሄድበት በብዙው አገር ቪዛ የምንጠየቅ ስለ ሆንን ገጻችን ከሌላው ቀድሞ ያልቃል።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ክፍሎች እንዲያስቡባቸው የሚከተሉትን አሳቦች አቀርባለሁ።

መጀመሪያ፥ በ2017 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አዲሱ ፓስፖርት ዕድሜያቸው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ዘመኑ 10 ዓመት መሆኑ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ለሚመላለስ ሰው 10 ዓመት የሚበቃው ገጹም በቅቶ ሲገኝ ነው። ሕንዶች 36 ገጽና 60 ገጽ ያለው ፓስፖርት አላቸው፤ ብዙ የሚጓዝ ሰው ወፍራሙን ይመርጣል። ለነጋዴውና ለሠራተኛው ተገቢው ዋጋ እየተከፈለ ወፍራም ፓስፖርት የሚሰጥበት መንገድ ቢታሰብ መልካም ነው።

ሁለተኛ፥ ገጹ ስላለቀበት የሚመጣ ሰው ችግሩ እንደ ሌላው አይደለም፤ የተቈረጠ ቀን ያሳድደዋል። በ2016 ዓ.ም. በወጣው ተመን በሁለት ቀን የሚደርሰው አስቸኳይ ፓስፖርት 25,000 ብር ነው፤ ይህን ተማሪ ከወዴት ያመጣዋል? የመኖሪያ ፈቃዱ ሊያልቅ የተቃረበ መሆኑን ለሚያስረዳ ተማሪ በመደበኛው ዋጋ ቅድሚያ ቢሰጠው፥ በውጭ አገር ላለውም «አዲሱ ፓስፖርት በመሠራት ላይ ነው» የሚል ደብዳቤ ከኤምባሲው ቶሎ ቢጻፍለት፥ የአገሩን ባለሥልጣን የሚለምንበት ወረቀት ይሆነዋል።

ሦስተኛ፥ ማኅተም የሚመቱ ሠራተኞቻችን በተጀመረው ገጽ ላይ ከዳር ጀምረው ቢመቱ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ ለወገናቸው ትልቅ ቁጠባ ነው።

አራተኛው ለመንገደኛውና እንደ እኔ ላለው መካሪ ነው። ማብቂያውን ቀን አንብባችሁ ፓስፖርቱን አትክደኑት፤ ባዶውን ገጽ አንድ በአንድ ቍጠሩ። አራት ባዶ ገጽ ሲቀር የመለወጫው ጊዜ ደርሷል በሉ። አዲሱ ሲወጣም አሮጌውን አትጣሉ፤ ዘመኑ ያላለፈ ቪዛ ካለበት ከአዲሱ ጋር ይዞ መሄድ የሚፈቀድበት አገር አለ፤ በአሜሪካ ቪዛ እንዲህ ነው።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይባላል። የእኅቴ ልጅ ትምህርቱን ፈጽሞ በቅርቡ ይመለሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በሬው ግን አይመለስም። በዘንድሮው እርሻ እኅቴ በመቀናጆ ስታርስ ባየሁ ቍጥር ያልገለጥኋቸው ቅጠሎች ትዝ ይሉኛል። ሌላው ቤተ ሰብ ከእኔ ስሕተት ቢማር ድካሜ ከንቱ አይሆንም።



አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከቁይ፥ ምሥራቅ ጎጃም