«አላለፍክም» ብቻውን መልስ አይደለም

ባለፈው ዓመት በክረምቱ ዕረፍት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት ለመማር አመልክቼ ነበር። ይህን የሰሙ የመኝታ ቤት ጓደኞቼ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እያሉ ቀለዱብኝ። ተረቱም ለጊዜው እውነት ሆነ። የጽሑፉን ፈተና ተፈተንኩ፤ ለቃለ መጠይቅ ቀረብኩ፤ ለጤና ምርመራም ተላክሁ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ ግን ስሜ አልነበረም። ምክንያቱን ለመጠየቅ ብሄድ ጸሐፊው ቀና ብለው ሳያዩኝ «ስምህ ከሌለ አላለፍክም ማለት ነው» አሉኝ። ይህንስ እኔም ዐውቀዋለሁ። የሄድኩት የማላውቀውን ለመጠየቅ ነበር።

ውድ አንባቢያን፥ ይህን የምጽፈው ወደቅሁ ብዬ ለማልቀስ አይደለም። በዚህ ግቢ ውስጥ ለአንድ ሥራ ወይም ለአንድ ትምህርት አመልክቶ ባዶ እጁን ያልተመለሰ ተማሪ ጥቂት ነው። አሳቤ እንዲህ ነው፦ መራጩ ያላሟላውን የመመለስ መብት አለው፤ የተመለሰውም ለምን እንደተመለሰ የማወቅ መብት አለው። ሁለቱ መብቶች አይጋጩም።

ከሁሉ አስቀድሞ የፈተናውን መጥበቅ እንደማልቃወም ይታወቅልኝ። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ አንዳንድ ሰው እንደሚመስለው በሜዳ ላይ ቆሞ ለአውሮፕላን ምልክት የሚያሳይ ሰው አይደለም። በማማው ላይ ሆኖ በዐይኑ፥ ወይም በራዳር ክፍል ውስጥ ሆኖ በመሣሪያው እየተከታተለ፥ አውሮፕላኖቹ እንዳይቀራረቡ በራዲዮ ይመራል። አብዛኛውን ጊዜ በከፍታ 1,000 ጫማ፥ በራዳር ሲሆን ደግሞ በጎን 3 ወይም 5 የባሕር ማይል ያራርቃቸዋል። አንዱን ሲያነጋግር ሌላውን መርሳት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1977 በቴኔሪፌ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ በመንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲያልቁ፥ ከምክንያቶቹ አንዱ በራዲዮ የተነገረውን ቃል ተናጋሪና ሰሚ በአንድ መንገድ አለመረዳታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በጀርመን አገር በኡበርሊንገን ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 71 ሰዎች በሞቱባት ሌሊት ደግሞ፥ ባልደረባው ለዕረፍት ወጥቶ አንድ ተቆጣጣሪ ብቻውን የሁለት ሰው ቦታ ይዞ ይሠራ ነበር። እንዲህ ላለ ሥራ ማንም እንዳገኘ ይግባ የሚል ሰው የለም። «ዐሥር ጊዜ ለካ፥ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የተባለው ለዚህ ነው።

ነገር ግን መለካት ሌላ፥ የተለካውን መደበቅ ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው ደንብ የተቆጣጣሪነት ፈቃድ የሚሰጠው ዕድሜው ከ21 ዓመት ላላነሰ፥ የጤና ምርመራውን ላለፈ፥ ትምህርቱንና የሥራ ላይ ልምምዱን ለፈጸመ፥ በራዲዮ በሚነጋገርበትም ቋንቋ ከ6 ደረጃዎች ቢያንስ 4ኛውን ላገኘ ሰው ነው። ከነዚህ አንዳንዱ በጥረት የሚሻሻል ነው፤ አንዳንዱ አይደለም። የጎደለኝ እንግሊዝኛ ከሆነ አንድ ዓመት አጥንቼ እመለሳለሁ። ዐይኔ ቀለም አይለይም ተብሎ ከሆነ ግን ዓመቴን በከንቱ ከማሳልፍ ሌላ ሙያ ብይዝ ይሻለኛል። ሳይነገረኝ የትኛው እንደሆነ በምን ዐውቃለሁ? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እዚህ ግን በሽታውን የደበቀው ሐኪሙ ነው።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ለአመልካቾች ስለ አኗኗራቸውና ስላለፈ ታሪካቸው የሚጠይቅ አዲስ መጠይቅ አወጣ። ይህንኑ ሙያ ብለው በኮሌጅ ተምረው የተመረቁ ብዙ ወጣቶች በመጠይቁ ወደቁ፤ የተነገራቸውም አለማለፋቸው ብቻ ነበር። በዚያ አገር አዲስ አመልካች በጠቅላላው 31 ዓመት ሳይሞላው ማመልከት ስላለበት በግምት የሚባክን ዓመት አይመለስም። ነገሩ እስከ ሕግ መወሰኛው ደርሶ፥ በ2016 በወጣ ሕግ መጠይቁ ለነዚህ ተመራቂዎች እንዲቀር ተደረገ።

«አመልካቹ ብዙ ስለሆነ ለሁሉ ምክንያት መጻፍ አይቻልም» የሚሉ ይኖራሉ። ፈተናው ግን አስቀድሞ በየክፍሉ ታርሟል፤ ውጤቱም በመዝገብ ላይ አለ። ጽሑፍ፥ ቃለ መጠይቅ፥ ጤና ከሚሉት ከሦስቱ በየትኛው እንደወደቀ ለራሱ ለአመልካቹ በአንዲት መስመር መንገር ብዙ ቀለም አይፈጅም። «ምክንያት ከተነገረ ክርክር ይበዛል» የሚሉም አሉ። ምክንያት ካልተነገረ ግን ሐሜት ይበዛል። «ዘመድ የሌለው አይገባም» የሚለው ወሬ የሚራባው እንዲህ ባለው ዝምታ ውስጥ ነው፤ በቅንነት የፈተነውም ሰው ሳይቀር ይታማበታል።

ስለ ሙያው ሳነብ ያገኘሁት አንድ ደንብ ከሁሉ ይልቅ አስገርሞኛል። ተቆጣጣሪው ከፍታ ሲሰጥ አብራሪው የተነገረውን ቃል መልሶ ይናገራል። «ስምንት ሺሕ» ተብሎ «ዘጠኝ ሺሕ» ብሎ ቢመልስ፥ ተቆጣጣሪው «አይደለም» ብሎ አይተወውም፤ «አይደለም፥ ስምንት ሺሕ» ብሎ ትክክለኛውን ይነግረዋል፤ በትክክል እስኪደግመውም ያዳምጣል። «አይደለም» ብቻ ተብሎ የተተወ አብራሪ ወዴት ይሄዳል? እንግዲህ ለአብራሪው የሚደረገው እርምት ለአመልካቹ ለምን ይቀርበታል?

መምህሮቻችንም ቅር አይበላቸውና፥ ወረቀታችን ሳይመለስ ውጤቱ ብቻ በሚለጠፍበት ትምህርት እኛም ያው «አይደለም» ብቻ የተባለ አብራሪ ነን።

እንደኔ ለተመለሳችሁ ወንድሞችና እኅቶች የምለው ጥቂት ነው። ምክንያቱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። እስኪመጣ ድረስ በእጃችሁ ያለውን፥ ማለት እንግሊዝኛውንና ሒሳቡን አሻሽሉ፤ ዐይናችሁንና ጆሮአችሁን በራሳችሁ አስመርምሩ። የማይታለፍ እንቅፋት ካገኛችሁም የአየር ጠባይ ትንበያ፥ የበረራ መረጃ አገልግሎት፥ የራዲዮና የራዳር መሣሪያዎች ጥገና የሚባሉ ሙያዎች መኖራቸውን አትርሱ፤ ያለነሱ ተቆጣጣሪው ሊሠራ አይችልም። የተማሪዎች ማኅበራችንም ለተመለሱ አመልካቾች ውጤታቸው በየክፍሉ እንዲነገራቸው ተማሪዎችን ለሚቀበሉት መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ይጻፍልን።

እኔ በሚመጣው ክረምት እንደገና አመለክታለሁ። ምናልባት እንደገና ይመልሱኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ከጸሐፊው ፊት የምቀርበው ጥያቄዬን በወረቀት ጽፌ፥ የደረሰኝ ቁጥር ሳይሰጠኝም ላልወጣ ቈርጬ ነው።

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ