የእምዬን ሳጥን ላቃጥለው?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

«የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ገንዳ ውሃ ነው። ያሳደገችኝ አያቴ ናት። እምዬ ዕድሜዋ ከ75 አልፏል፤ አገሬው የሚያውቃት የሾፌር ሚስት ሆና፣ ሱቅ ስትነግድ ነው። በቀደም ቤት ውስጥ ምስጥ ገብቶ ዕቃ ስናወጣ ከቆርቆሮ ሳጥኗ ሠላሳ የሚሆን ፎቶና ሰባት ሸክላ አገኘሁ። ፎቶው ላይ እምዬ አጭር ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን አፍሮ አበጥራ፣ ቡና ቤት በር ላይ ቆማለች። ብጠይቃት ብዙ ዝም አለችና ‹ውቤ በረሃ ነው ልጄ። ከበረሃ ወደ በረሃ ነው የመጣሁት› አለችኝ። ሠርጌ ለጥር ተቆርጧል። አጎቴ ‹የወንዱ ቤተሰብ ሳያይ አቃጥዪው› እያለ ይጨቀጭቀኛል። እኔ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እጄ እምቢ ያለኝ፣ ከገንዳ ውሃ

እህታችን፣ እጅሽ ልክ ነው። ክብሪቱን መልሺው።

ውቤ በረሃ ስሙ ነው እንጂ በረሃ አልነበረም። አዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ፣ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ስም የሚጠራ ሰፈር ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የከተማው ሰው ሲመሽ ለሙዚቃና ለመጠጥ የሚጎርፈው ወደዚያ ነበር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው ስለዚሁ ሰፈር ነው። ታዲያ የጻፈው ወንድ ነው። ሴቶቹ ራሳቸው የተናገሩት የት አለ?

ቤቶቹማ እየሄዱ ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሌሊቱን ዘጋው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ ቤት አብሮ ነደደ። እዚያው ፒያሳ ያለችው ዶሮ ማነቂያ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰች። ቤት ከፈረሰ በኋላ የሚተርፈው እንደ እምዬ ባሉ ሰዎች ሳጥን ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

በረሃ ላይ የተሠራችው የአሜሪካ የቁማር ከተማ ላስ ቬጋስም ያረጀ ሆቴል በድማሚት ማፍረስ ልማዷ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ትሮፒካና የሚባለውን አፍርሳለች። ግን የድሮ ቁማር ቤቶችንና ሆቴሎችን የመብራት ማስታወቂያ ሰብስቦ የሚያስጎበኝ ሙዚየም አላት። «የቁማር ቤት ዕቃ ነው» ብለው አላፈሩበትም።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ እንምጣ።

መጀመሪያ እምዬን ጠይቂ። ሳጥኑ የአጎትሽም፣ ያንቺም፣ የእኛም አይደለም፤ የእሳቸው ነው። «ይቀመጥ፣ ግን በሕይወቴ እያለሁ ማንም እንዳያየው» ካሉ ቃላቸውን አክብሪ። ማስቀመጥና ማሳየት እኮ ለየቅል ናቸው።

ከፈቀዱልሽ ቡና አፍልተሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያሳየሽ ማን እንደሆነ፣ የትኛው ቤት እንደሆነ፣ በስንት ዓ.ም. እንደሆነ ጠይቂያቸው። ድምፃቸውን በስልክሽ ቅጂ። የነገሩሽን ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ በቀስታ ጻፊ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊቱ ያልፋል።

የገንዳ ውሃን ሙቀት አንቺ ታውቂዋለሽ። ፎቶ በላስቲክ አትጠቅልዪ፤ ወበቁ ያጣብቀዋል። በወረቀት ፖስታ ለየብቻ አድርጊው። ሸክላ በሙቀት ይጣመማል፤ አስተኝተሽ ከመደራረብ እንደ መጽሐፍ አቁሚው። ሳጥኑን ለምስጡ ስትዪ ከመሬት ከፍ፣ ለሙቀቱ ስትዪ ከጣሪያው ራቅ አድርጊው። ፎቶዎቹን ጥላ ቦታ፣ ያለ ፍላሽ በስልክሽ አንሺና አንዱን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጪ።

ሕጉን ካሰብሽ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ መያዝን አይከለክልም። እምዬ ወደውና ፈቅደው ቅጂ ልስጥ ካሉ ደግሞ ወመዘክር አለ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ።

ስለ እጮኛሽ ደግሞ፤ ምስጢሩ የእምዬ ነውና እሳቸው ሳይፈቅዱ ትንፍሽ አትበዪ። ከፈቀዱ ግን ከሠርጉ በፊት ንገሪው። አንቺን ያሳደጉትን ሴት በወጣትነታቸው የሚንቅ ሰው ከሆነ፣ ይህን ከጥር በፊት ማወቁ ይሻልሻል።

ሌሎቻችሁም አንባቢያን፣ የአያቶቻችሁን ሳጥን ሳትከፍቱ አትጣሉ። ቸር እንሰንብት።