የበሬው ዕዳ ማን ላይ ነው?

ስለ ሂንዱዎች ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሥጋ አይበሉም፣ ላም ያመልካሉ»። ከወልድያ እስከ መርሳ ባለው መንገድ የትኛውም ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ ቢጠየቅ መልሱ ከዚህ አይርቅም፤ ሳቅም ይከተለዋል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ህንድ ውስጥ ካሉ ሂንዱዎች ራሳቸውን «ሥጋ የማንበላ ነን» ያሉት 44 በመቶ ናቸው። ከግማሽ በታች መሆኑ ነው። የቤንጋል ብራህሚን ዓሣ ይበላል፤ በኔፓል ፍየል ለመሥዋዕት ይታረዳል።

ስለዚህ የሂንዱ ፍልስፍና ቁም ነገር «ሥጋ ይበላል ወይስ አይበላም» ከሚለው ጠለቅ ይላል። አንዱ ምሰሶው አሂምሳ ነው፤ ሕይወት ያለውን ነገር ያለአግባብ አለመጉዳት። ሌላው ያጅና ነው፤ መሥዋዕት፣ ወይም የተቀበሉትን መመለስ። ባጋቫድ ጊታ በሦስተኛው ምዕራፉ ፍጡር ከእህል፣ እህል ከዝናብ፣ ዝናብም ከመሥዋዕት እንደሚገኝ ያስተምራል። የተሰጠውን ተቀብሎ ምንም ሳይመልስ የሚበላ ሰው እዚያ የሚቆጠረው ከሌባ ነው። ማለትም ጥያቄው «ምን በላህ?» ብቻ አይደለም፤ «ለበላኸው ምን መለስክ?» ነው።

ይህ ጥያቄ ለሰሜን ወሎ ባዕድ አይደለም። የሀብሩ ክርስቲያን በስመ አብ ሳይል፣ ሙስሊሙም ቢስሚላህ ሳይል ቢላ አያነሳም። ሁለቱ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ነገር ግን ነፍስ የፈጣሪ እንደሆነችና ያለ ስሙ እንደማትወሰድ ይስማማሉ። በኦሪት ዘፍጥረት ለአዳም የተሰጠው ምግብ ዕፅዋት ነበር፤ ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ነው፣ እሱም ደሙን እንዳይበላ ታዞ። የአረፋ እርድም ያለ ድሃው ድርሻ አይሞላም።

ነገሩ ከእምነት አልፎ የኑሮ ጉዳይ የሚሆነው በሬው ላይ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ማርቪን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ህንዶች ላምን ማክበራቸው ሞኝነት አይደለም ሲል ተከራክሯል። በድርቅ ጊዜ ላሙን የበላ ገበሬ፣ ዝናቡ ሲመለስ የእርሻ በሬ የሚወልድለት ያጣል። ይህን ለመረዳት የወሎ ገበሬ መጽሐፍ አያስፈልገውም። በ1977ቱ ረሃብ በሬውን በርካሽ የሸጠ ሰው ዝናብ ሲመጣ ማሳው ፊት ባዶ እጁን ቆሟል። በ2013 እና በ2014 ጦርነት ከብቱ የታረደበትና የተነዳበት አርሶ አደርም ያንኑ ደግሞ አየ።

ሁለት በሬ ያለው ብቻውን ያርሳል። አንድ ያለው ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ይጠምዳል። ምንም የሌለው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የምርቱም ግማሽ ከደጁ ይወጣል። የአንድ በሬ ሞት ለዚህ ቤት የዓመት ቀለብ መጉደል ነው።

ታዲያ ለዚህ እንስሳ ምን ይመለስለታል? ግጦሹ ለእርሻ ተቆርሷል። ወደ ማሳ መመለስ የነበረበት እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። በበዓል ማግስት ቆዳው ገዢ አጥቶ ይጣላል። ዶሮዋ እግሯ ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ ገበያ ትውላለች፤ ሰንጋው በጭነት መኪና ላይ ውኃ ሳይቀምስ ይጓዛል። በመጨረሻ ግን ሁሉም የሚታረዱት በፈጣሪ ስም ነው። ስሙ ከቢላው በፊት ይጠራል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ግን የሚያስታውሰው የለም።

«ሰው በተራበበት አገር ስለ እንስሳ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። የበሬን ዋጋ ከተራበ ገበሬ በላይ ማን ያውቃል? ቅንጦት የሚሆነው ጉዳዩን የከተማ ሰው የምግብ ምርጫ አድርጎ ማየት ነው። የመኖ ልማት፣ የእንስሳት ሕክምና፣ ከብቱ ላለቀበት ቤት ቢያንስ አንድ በሬ መተካት፣ ሥርዓት ያለው ቄራ፦ እነዚህ ለወረዳው የዕለት ተዕለት ሥራ ናቸው።

ከህንድ የማይወረስም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዴልሂ ብዙም በማትርቀው ዳድሪ አካባቢ አንድ ሙስሊም «የላም ሥጋ ቤቱ አስቀምጧል» ተብሎ በመንጋ ተደብድቦ ተገድሏል። ለላም ክብር ተብሎ የሰው ደም ሲፈስ አሂምሳ ራሱ ታርዷል። በዚህ ወሎ ለህንድ የሚያስተምረው አለው፤ በአንድ ሠርግ ሁለት ዓይነት እርድ አርዶ፣ ቡናውንና ለቅሶውን አብሮ መዋል ያውቅበታል።

ሥጋ መብላት ማቆም ከወሎ የሚጠበቅ አይደለም። የሚጠበቀው ፍልሰታም ሲፈታ፣ አረፋም ሲደርስ አንድ ጥያቄ ማንሳት ነው፦ ዕድሜውን ሙሉ ላረሰ በሬ የተመለሰለት ምንድን ነው? መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ዕዳው የሚከፈለው በሚቀጥለው ክረምት ጾሙን በሚያድረው ማሳ ነው።