ስለ ሯጭ ልጅ መብልና ስለ ምግብ ባለሞያ ምክር

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት እንቅልፍ ጽፈን ነበር። ያነበቡት አንድ ባላባት መንገድ ላይ አግኝተውን «ለሕፃኑስ ጻፋችሁለት፤ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ወደ ሜዳ ለሚሮጠው ልጃችን ግን ምን እናብላው?» ቢሉን፥ ጥያቄያቸው የሚገባ ሆኖ ስላገኘነው የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ነገር ሰጥተነዋል።

ዛሬ ልጁን ሯጭ ለማድረግ የሚደክም ቤተሰብ ብዙ ነው። ጫማ ይገዛለታል፥ አሠልጣኝ ይፈልግለታል፥ በውድድር ቀን ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይሸኘዋል። መብሉን ግን የሚመረምርለት የለም፤ ቤተሰቡ የበላውን፥ ቤተሰቡ በበላበት ሰዓት ይበላል፤ በዚያ ሰዓት በልምምድ ላይ ከሆነ የተረፈው ይቀመጥለታል። ወደ ሥነ ምግብ ባለሞያ ውሰዱት ያልን እንደ ሆነ «በቤታችን የታመመ የለም፤ መብላትስ ደግሞ ትምህርት ይሻልን?» ይሉናል። ከዚህም የበረታው መልስ «አበበ ቢቂላ የምግብ አማካሪ ነበረውን?» የሚለው ነው።

በእውነቱ አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲፈጽም በእግሩ ጫማ እንኳ አልነበረም። ነገር ግን ይኸው አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ይኸውም ከሮማው በ3 ደቂቃ የሚበልጥ ፍጥነት ነው። ጫማ በማድረጉ ክብሩ ጐደለ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ደግሞም የምግብ ባለሞያ ማለት ያገራችንን እንጀራ አስጥሎ የፈረንጅ መብል የሚያዝ ሰው የሚመስለው ብዙ ነው። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የታተመ አንድ ምርመራ 10 የታወቁ የኢትዮጵያ ረዥም ርቀት ሯጮችን መብል በሚዛን እየመዘነ ቢከታተል፥ ከመብል ከሚያገኙት ጉልበት ከመቶው 64 ያህሉ እንደ እንጀራና እንደ ዳቦ ካለው ኀይል ሰጪ ምግብ የሚመጣ ሆኖ ተገኘ። የምግብ ሊቃውንት ለረዥም ርቀት ሯጭ የሚመክሩትም ይህንኑ ነው። እንግዲህ ችግሩ ከሞሰቡ አይደለም። የት እንደ ሆነ ባለፈው ዓመት በዓይናችን ስላየነው እንናገራለን።

አንዲት የቅርብ ዘመዳችን ልጅ፥ ዕድሜዋ 19 ዓመት የሆነ፥ በ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ብዙ ተስፋ የተጣለባት ናት። ባንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በቅልጥሟ አጥንት ላይ ስንጥቅ ተገኘባት። አባቷ ጫማውን ወቀሱ፤ አያቷ ዓይነ ጥላ ነው ብለው ጠበል እንድትጠመቅ መከሩ፤ አሠልጣኟ ደግሞ የመንገዱን ድንጋይ ከሰሰና የሰውነቷን ቅለት አመሰገነ። ራጁን ያዩት ሐኪም ግን «ይህ አጥንት በመውደቅ የተሰነጠቀ አይደለም» ብለው ወደ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሞያ ወይዘሮ ላኳት። እኛም አባቷ ስለ ለመኑን አብረን ሄድን።

የጸሐፊነት ልማድ ሆኖብን፥ የሚከለከለውን መብል ዝርዝር ለመጻፍ ወረቀትና እርሳስ አዘጋጅተን ተቀምጠን ነበር። ወረቀቱ ባዶውን ቀረ፤ ወይዘሮዪቱ አንዳች ነገር አልከለከሉምና። ይልቁንስ ጠየቁ። በስንት ሰዓት ትነሻለሽ? ከመሮጥሽ በፊት ምን ትቀምሻለሽ? ስትመለሺ መብሉ እስኪቀርብ ምን ያህል ትቆያለሽ? እንቅልፍሽ እንዴት ነው? በሳምንት ስንት ቀን ታርፊያለሽ? ልጅቱ ባፈረች ጊዜ እናቷ ሊመልሱላት ቢሉ፥ ወይዘሮዪቱ «እትዬ፥ የእርስዎንም ምስክርነት እሰማለሁ፤ አስቀድማ ግን እርሷ ትናገር» አሉ። ምስክር ሲሰማ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ግን በችሎትም ዘወትር አይገኝም።

ከዚያ በኋላ እኛንና አባቷን ጥቂት ወደ ውጭ እንድንወጣ ለመኑን። ምን እንደ ተጠየቀች ያወቅነው ቈይቶ እናቷ ፈቅደው ሲነግሩን ነው፤ ለሌሎች ቤተሰቦች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለውም እንድንጽፈው ፈቀዱልን። ልማደ አንስት ከተቋረጠባት 8 ወር ሆኗት ነበር። እናቷ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ የምትሮጥ ሴት እንዲህ ትሆናለች ሲባል ሰምተው የብርታት ምልክት መስሏቸው ዝም አሉ። ልጅቱም ድካም ቀረልኝ ብላ ደስ ብሏት ነበር። ይህን በቤተሰብ ገጽ መጻፍ ነውር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ይቅርታ እንለምነዋለን፤ ያ ሁሉ ወር በዝምታ ያለፈው ነውር ነው እየተባለ ነውና።

ወይዘሮዪቱ ነገሩን የገለጡልን እንዲህ አድርገው ነው። ጎተራው የጐደለበት ገበሬ የሚያርሱትን በሬዎች ከመቀለብ አያቋርጥም፤ የቤቱን ክዳን ማደስና የልጁን ሠርግ ግን ወደ ከርሞ ያስተላልፋል። የሯጭም ሰውነት እንደዚሁ ነው። የሚበላው ለሩጫው ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሩጫውን ይቀልባል፤ አጥንት ማደሱንና የመውለድን ሥርዐት መጠበቁን ግን ያቆየዋል። ልጅቱ ገና ፈጣን ስለ ሆነች በሬዎቹ ሲያርሱ የሚያይ ሁሉ ክዳኑ ማፍሰሱን አላወቀም።

ሒሳቡም ለጸሐፊ የማያስቸግር ነው። ሯጭ አንድ ኪሎ ሜትር በሮጠ ቁጥር ለክብደቱ ለያንዳንዱ ኪሎ 1 ካሎሪ ያህል ያወጣል፤ ስለዚህ 50 ኪሎ የምትመዝን ልጅ 18 ኪሎ ሜትር ብትሮጥ ወጪዋ 900 ካሎሪ ነው። በዚያ ቀን 2,000 ካሎሪ ብትበላ ለቀረው ኑሮዋ 1,100 ይተርፋታል። ከስቡ በቀር ያለው የሰውነቷ ክብደት 42 ኪሎ ቢሆን ለያንዳንዱ ኪሎ 26 ካሎሪ ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው። ሊቃውንቱ ለጤና የሚበቃ የሚሉት 45 ያህል ነው፤ ከ30 በታች ሲወርድና ሲቈይ ብዙ ሰው ይጐዳል፥ ምንም እንኳ ወሰኑ ካንዱ ሰው ወዳንዱ ከፍና ዝቅ ቢል። እንግዲህ የዚህች ልጅ ጉድለት በየቀኑ 800 ካሎሪ ያህል ነበረ። ዓለም አቀፍ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የሰበሰባቸው ሊቃውንት ለዚህ ጉድለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ስም አውጥተውለት፥ በ2018 እና በ2023 ዓ.ም. ትምህርቱን አድሰውታል፤ ወንዶችንም እንደሚያገኝ አስረድተዋል። ወንድ ልጅ ያላችሁም እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ለጎረቤት ሴት ልጅ የተጻፈ አድርጋችሁ አትለፉት። ድካም የማይለቀው፥ ብስጩ የሆነ፥ ቶሎ ቶሎ ጉንፋን የሚይዘው፥ ቍስሉ የማይድንለት ሯጭ ሊመረመር ይገባዋል።

እናቲቱ ልጃቸው የቀመሰችውን ሁሉ ለ7 ቀን በደብተር እንዲጽፉ ታዘዙ። ደብተሩ ሲነበብ መብሉ መልካም ሆኖ ተገኘ፤ ሰዓቱ ግን የተበላሸ ነበር። ልጅቱ በ12 ሰዓት ማለዳ ሻይ ብቻ ጠጥታ ትወጣለች፥ በ2 ሰዓት ትመለሳለች፥ ታጥባ ታርፋለች፥ እስከ 6 ሰዓት የሚረባ ነገር አትቀምስም። ረቡዕና ዓርብ፥ በዐቢይ ጾምም 55ቱን ቀን፥ እስከ 9 ሰዓት ትቈያለች።

መድኃኒቱ ከጓዳ ተገኘ። ከመውጣቷ በፊት ጥቂት ሙዝ ወይም ዳቦ ከማር ጋር እንድትቀምስ፥ ከሩጫ እንደ ተመለሰችም ልብስ ሳትለውጥ በማር የተበጠበጠ በሶ እንድትጠጣ፥ ቀጥሎም ሙሉ ቍርስ እንድትበላ ተነገራት። በሶ! አያቶቻችን ለዘመቻና ለሩቅ መንገድ የሚሰንቁት በሶ በባለሞያ አፍ ሲጠራ አባቷ ሳቁ፤ ወይዘሮዪቱ ግን የተቈላ ገብስ ዱቄት በፍጥነት የሚበላ፥ በከረጢት የሚያዝ፥ ሆድ የማያስቸግር የሯጭ ስንቅ መሆኑን አስረዱን። ከሥጋና ከእንቍላል ሌላ ሽሮው፥ ምስሩና ክኩ አካልን ለሚጠግነው ምግብ ብዙ ይረዳሉ፤ ሊቃውንቱ ለሯጭ ለያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 2 ግራም ያዝዛሉና።

በደሟም ምርመራ የብረት ስንቋ ተሟጦ ተገኘ። እናቷ «ጤፍ እየበላች እንዴት ብረት ያንሳታል?» ብለው ተከራከሩ። በጤፍ ውስጥ ብረት መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሚቈጠረው ብረት ከፊሉ በአውድማ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ከእህል የሚገኘውም ብረት ከሥጋው ይልቅ ወደ ደም ለመግባት ይቸገራል። እንደ እንጦጦና እንደ ሱሉልታ ባለ ከፍተኛ ስፍራ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ብዙ ቀይ ደም ስለሚሠራ ብረቱን በብዙ ይፈልገዋል። ሻይና ቡና ከመብል ጋር ሲጠጡ ብረቱን ይይዙታል፤ ሎሚ፥ ብርቱካንና ቲማቲም ግን ይረዱታል። ስለዚህ ሻዩና ቡናው ከመብሉ አንድ ሰዓት ያህል እንዲርቅ ታዘዘ፤ ይህም ትእዛዝ ለቤቱ ሁሉ ከጾሙ ይልቅ የከበደ ሆነ። የብረት ኪኒን ግን ያለ ደም ምርመራ እንዳይወሰድ አስጠንቅቀውናል፥ ሲበዛ ይጐዳልና።

የጾሙ ነገር በተነሣ ጊዜ ሁላችንም ተጨነቅን። ወይዘሮዪቱ «ጾም አፍርሺ ለማለት ሥልጣን የለኝም፤ እኔ የምናገረው ሰውነት የሚያደርገውን ነው፤ ለቀረው የነፍስ አባትሽን ጠይቂ» አሉ። የነፍስ አባቷም ነገሩን ሰምተው፥ አጥንቷ እስኪድን ድረስ እንደ ሕሙም እንድትቈጠር ፈቀዱ፤ ፍትሐ ነገሥቱም በሕመም ምክንያት መጾም ያልቻለውን አይወቅሰውም። ከዳነች በኋላ ልትጾም ወድዳ ነበርና ሁለቱ ምክሮች ተስማሙላት፤ በጾም ቀን ከባዱ ልምምድ ወደ ሠርክ ይዛወራል፥ ማለዳውም ለቀላል ሩጫ ወይም ለዕረፍት ይሆናል፥ ከ9 ሰዓት በኋላ ያለው መብል ደግሞ በሱፍ፥ በተልባ፥ በኦቾሎኒና በዘይት ይጠነክራል።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ልጅቱ በልምምድ ቦታ ከሚያገኛት ሰው የኀይል ዱቄት በቆርቆሮ ገዝታ ነበር። ወይዘሮዪቱ የቆርቆሮውን ጽሑፍ አንብበው አስቀመጡት፤ እንዲህ ባለው ዱቄት ውስጥ ያልተጻፈ ክልክል መድኃኒት ሊገኝ ይችላልና። በወንጀል ችሎት ያድራጊው ሐሳብ ይመረመራል፤ በስፖርቱ የአበረታች መድኃኒት ሕግ ግን በአካሉ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ነው፤ አላወቅሁም ማለቱ ጥፋተኛ ከመባል አያድነውም፥ ምናልባት ማስረጃ ካቀረበ ቅጣቱ ይቀልለት ይሆናል እንጂ። ይህን ስንሰማ ከሁሉ ይልቅ የደነገጥን እኛ ነበርን።

ከሁሉ ያስቸገረው የልጅቱ ፍርሃት ነበር። እከብዳለሁ፥ አሠልጣኜም ይጥለኛል ብላ አለቀሰች። ወይዘሮዪቱ አልተቈጧትም፤ በየ15 ቀኑ ቀጥረው አነጋገሯት፥ ሚዛን ላይ ማውጣቱንም ተዉት፥ አሠልጣኙንም አስጠርተው ሒሳቡን አሳዩት። እርሱም ከብዙ ክርክር በኋላ ለሌሎቹ ሴቶች ልጆች ጭምር ጥያቄ ያቀርብ ጀመር።

ስድስት ወር ያህል አልተወዳደረችም። በሰባተኛው ወር እናቷ ወደ ቤታችን መጥተው ለባለቤቴ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገሯት፥ ሁለቱም እልል አሉ። እኛ ምን እንደ ሆነ ለመጠየቅ አላስፈለገንም። ባለፈው ወር ተወዳድራ 9ኛ ወጣች፤ አባቷ ውጤቱን ሲነግሩን ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ እግሯ ግን ከውድድሩ በኋላ አላመማትም። ዛሬ ወደ ሱሉልታ ስትወጣ የበሶው ቆርቆሮ አስቀድሞ ይጫናል፤ ደብተሩም እስከ አሁን በጓዳ ከጨው ዕቃው አጠገብ ተቀምጧል።